አባቴ በጆሮው ያለው

አባቴ ቤት ውስጥ አያወራም ነበር። አኩርፎ ወይም ተቆጥቶ አይደለም፤ እንዲሁ አያወራም። ከልምምድ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ ያወልቅና እግሩን ቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ግድግዳው ላይ ያፈጣል። «ደህና ዋልሽ?» ይለኛል። «ደህና» እለዋለሁ። የቀኑ ወሬያችን እዚያ ላይ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የአክስቴ የስፌት መኪና ብቻ ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ስትሞት እኔን ልታሳድግ የስፌት መኪናዋን ይዛ መጣችና በዚያው ቀረች። እሷም ብትሆን ሥራ ላይ ስፒሎቿን በከንፈሯ ስለምትይዝ፣ አፏን የምትከፍተው ለምሳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

እሁድ ሲመጣ አክስቴ እጄን ይዛ ስታዲየም ትወስደኛለች። አባቴ የከተማችን ክለብ ተከላካይ ነበር፤ ኳስ የሚያባርር፣ ጎል የማያገባ፣ ልጆች ቁጥሩን ጀርባቸው ላይ የማያጽፉት ዓይነት ተጫዋች። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ እሁድን ነበር የምጠብቀው። አባቴ ሜዳ ላይ ያወራላ!

የመጀመሪያው ፊሽካ ሲነፋ ይጀምራል። ከተጋጣሚው አጥቂ ጀርባ ይለጠፍና አፉን ወደ ጆሮው ያስጠጋል። ኳሷ በወዲያኛው ጎል በኩል ሆና እንኳ ያወራል። የማዕዘን ምት ሲመታ፣ የተጎዳ ሰው ሲታከም፣ ዳኛው ሰዓቱን ሲያይ አባቴ ያወራል። እኔ ከሲሚንቶው መቀመጫ ላይ ሆኜ ከንፈሩን አያለሁ። አንዱ አጥቂ ሳቁ ያመልጠዋል። ሌላው ይገፈትረዋል። ሌላው ደግሞ ቆም ብሎ ያየዋል፤ ኳሷ በአጠገቡ ታልፋለች።

ጓደኞቹ ይመስሉኝ ነበር። ለእኔ የማይነግረኝን ሁሉ ለእነሱ የሚነግራቸው ይመስለኝ ነበር። በቅናት እቃጠል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቀን የተጋጣሚ ቡድን ማሊያ ለብሼ ከፊቱ ብቆም ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ሰው ሁሉ «ጠበቃው» ይለዋል። እኔም እውነት መስሎኝ፣ አስተማሪያችን የወላጆቻችንን ሥራ ስትጠይቀን ብድግ ብዬ «አባቴ ጠበቃ ነው፤ እሁድ እሁድ ኳስም ይጫወታል» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪዋ ራሷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ለምን እንደሳቁ ሳይገባኝ፣ እኔም ከሰው ላለመለየት ብዬ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ዝምታውን የረሳበት አንድ ምሳ አስታውሳለሁ። ክለባችን አንድ ለዜሮ መርቶ ያሸነፈበት ቀን ነበር፤ አባቴ የእጅ ውርወራ በተገኘ ቁጥር እየተንበረከከ የጫማውን ክር ሲያስር፣ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች በፉጨት ጆሯችንን ሊያደነቁሩት ነበር።

«ዛሬ ክርህ ምን ሆኖ ነው?» አለችው አክስቴ።

«ላላብኝ።»

«ሁለቱም?»

«ተራ በተራ።»

እኔ ውኃው ትን እስኪለኝ ሳቅሁ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። «ይሄ ማጭበርበር አይደለም?» አለች።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ የሚገርመው፣ ወደ እኔ ዞረ። «ስሚኝ እማ» አለኝ። «ተከላካይ ኳስ በእጁ ቢመታ ማጭበርበር ነው። ሳይነኩት ወድቆ ቢንፈራፈር ማጭበርበር ነው። እኔ ሳይነኩኝ ወድቄ አላውቅም። የጫማ ክር ማሰር ግን ጨዋታ ነው። ማውራትም ጨዋታ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለች አክስቴ።

«አንዱን ሕጉ ይከለክላል።»

«ሌላውንስ?»

«ስለ ሌላው ሕጉ ዝም ይላል።»

«እንግዲህ ሕጉ ዝም ስላለ…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

እውነቱን ለመናገር አባቴ አልዋሸም። አንድ ጊዜ ጎላችን አጠገብ ኳስ እጁን ነክታ ማንም ሳያይ ቀርቶ ነበር። እሱ ግን ወደ ዳኛው ሄዶ «ነክቶኛል» አለ። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ ተሸነፍን። የገዛ ደጋፊዎቻችን ሲሰድቡት፣ የተጋጣሚዎቹ አሰልጣኝ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። በዚያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነበር የሄድኩት። አሁንም ያንን ቀን ከሌላው ቀን ለይቼ ላስቀምጠው እሞክራለሁ፤ አልሆን ይለኛል። ሁለቱም ያው አንድ ሰው ነው።

ያ ሌላው ቀን የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ክለባችን ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገብቷል። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። የአባቴም ዕድሜ ገፍቷል፤ ክለቡ ከወረደ ሌላ የሚወስደው እንደማይገኝ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው።

በዋዜማው የቡድኑ ወጌሻ የአባቴን ጉልበት ሊያሽ ቤታችን መጣ። እኔ ከአክስቴ የስፌት ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብዬ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት እሠራለሁ። የቅባቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ወጌሻው አፉ የማያርፍ ወሬኛ ነበር።

«ቀጭኔው ነገ ይሰለፋል» አለ። ቀጭኔው የተጋጣሚው ቡድን አጥቂ ነው፤ ገና ወጣት፣ አንገተ ረጅም፣ በዚያ ዓመት ብዙ ጎል ያገባ። «ግን ልጁ ሰሞኑን እንደ ወትሮው አይደለም። እናቱ ሞታበታለች።»

«መቼ?»

«በዚሁ ሳምንት። አሰልጣኙ ጨዋታ አለ ብሎ አልለቅም አለው። ቀብሯ ላይ አልደረሰም። እየጠራችው ነው የሞተችው አሉ።»

የወጌሻው እጅ ጉልበቱ ላይ ሲንሸራተት ብቻ ይሰማል። የአክስቴ የስፌት መኪና ቆመ። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ የማየው እግሯን ብቻ ነው፤ ከመርገጫው ላይ ተነሥቶ መሬት ላይ አረፈ።

ወጌሻው ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ አክስቴ ስፒሎቿን ከከንፈሯ አወጣች።

«እንዳታደርገው» አለችው።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«አውቅሃለሁ። እንዳታደርገው።»

አባቴ የተጠቀለለ ሱሪውን ወደ ታች ሳበ። እኔ ግን ነገሩ በራሴ መንገድ ገባኝ። አባቴ ልጁን ሊያጽናናው አስቧል፤ አክስቴ ደግሞ በጨዋታ ላይ ለቅሶ አይደረስም ብላ ነው የከለከለችው። ታዲያ እናቱ ለሞተችበት ልጅ ከአባቴ የተሻለ ማን አለ? የእኔም እናት ሞታለች። ስለ እሷ ሊነግረው ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ ስታዲየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሜዳው በዝናብ ርሶ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ቀጭኔው ያስፈራ ነበር። አንዴ ኳሷን በግንባሩ መትቶ ቋሚው መለሰበት፤ በረኛችን መሬት ላይ ተዘርሮ ቀና ሲል ፊቱ ዐመድ መስሏል። የሚገርመው አባቴ በመጀመሪያው አጋማሽ አፉን አልከፈተም። ቀጭኔውን ተከትሎት ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ አያወራም። አክስቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለቱን ብቻ ትመለከታለች። «ጎሽ» ስትል ሰማኋት፤ ኳስ ግን አጠገባቸው አልነበረችም።

ከእረፍት በኋላ ቀጭኔው አባቴን አልፎት ሄደ። እንደ ቆመ ሰው ነው ያለፈው። ኳሷ በጎሉ አናት ላይ ለጥቂት ወጣች። አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያለከልክ አየሁት፤ ያረጀ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ቀጭኔው ተራመደ። እጁን በማጅራቱ ላይ አሳረፈ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ወንድም። አፉን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

ቀጭኔው ቆመ። አባቴ ያንኑ ነገር ደገመለት መሰለኝ፣ ከንፈሩ በተመሳሳይ ሁኔታ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የልጁ ፊት እንደ ሕፃን ፊት ተጨማደደ። ከዚያ በሙሉ ኃይሉ ወደ አባቴ ተወረወረና ግንባሩ የአባቴ አፍንጫ ላይ አረፈ።

አባቴ ወደቀ። ደሙ ማሊያው ላይ ወረደ። ዳኛው እየሮጠ መጥቶ ቀይ ካርድ አወጣ፤ ሕዝቡ እንደ ባሕር አገሳ። ቀጭኔው ማሊያውን ፊቱ ላይ ገልብጦ እያለቀሰ ወጣ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል።

እኔ ያየሁት ይህን ነው፦ አባቴ አጽናናው፤ ልጁ ሆዱ ባባ፤ ሊያቅፈው ሲል ግንባሩ መታው። ዳኛው ደግሞ ነገሩን ሳያጣራ አባረረው። ለዳኛው ልነግረው ፈልጌ ብድግ አልኩ። አክስቴ ግን ክንዴን ይዛ ጨዋታው ሳያልቅ ከስታዲየሙ አስወጣችኝ። መንገዱን ሙሉ እጄን በጣም ጨብጣው ነበር።

ክለባችን ተረፈ። መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ በሰፈራችን አለፉ። አባቴ ወደ ግብዣው አልሄደም፤ አፍንጫው ላይ በረዶ ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ሳህኑን ፊቱ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ተጠጋሁት።

«አባዬ፣ ምን አልከው?»

«ምንም።»

«ስለ እማዬ ነገርከው አይደል?»

በረዶውን ከፊቱ ላይ አነሣ። እንደዚያ ቀን ፈርቶ አይቼው አላውቅም። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አይቼ ነው።»

ተነሥቶ ሄደ። በሩን ዘጋ። እኔም «አዎ» ያለኝ ያህል ቆጠርኩት።

ቀጭኔው ረጅም ቅጣት እንደተጣለበት ሬዲዮው ተናገረ። ቀናት አለፉ። አንድ ከሰዓት አክስቴ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጥታ፣ አባቴ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ፣ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። መጀመሪያ ያየሁት የሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ ፊቱን ለማየት ወደ ኋላ መንጋለል ነበረብኝ።

«አባትሽ አለ?» አለኝ። እጁ ተጨብጧል።

«ተኝቷል። ጋሼ፣ አንተ ቀጭኔው ነህ አይደል? የአባቴ ጓደኛ?»

«ጓደኛ?»

«እናትህ ስትሞት ያጽናናህ። እኔ አይቻለሁ። ስለ እማዬ ምን አለህ? ለእኔ አይነግረኝም።»

አንዴ እኔን አየኝ፤ አንዴ ከኋላዬ ያለውን ኮሪደር። «እናትሽ የት ናት?»

«ሞታለች። ድሮ፣ እኔ ሕፃን ሆኜ። አላስታውሳትም። ለአንተ ግን ነግሮሃል።»

ምራቁን ሲውጥ ያ ረጅም አንገቱ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን እስክንተያይ ድረስ ቁጢጥ አለ። የተጨበጠው እጁ ተፈታ።

«ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር አለኝ» አለ።

«ሌላስ?»

«ሌላ… አንቺ ስታለቅሺ መስኮት ጋ አቁማ መንገደኛውን ታሳይሽ ነበር። እያንዳንዱን መንገደኛ ስም እያወጣችለት።»

«ሌላስ?»

«ጊዜ አልነበረንም፣ ሚጣዬ። ጨዋታ ላይ ነበርን።»

«አባቴን ልቀስቅሰው?»

«አይ። ይተኛ።» ራሴን ዳሰሰኝና ተነሥቶ ሄደ። ዞር ስል አባቴ ኮሪደሩ ላይ በባዶ እግሩ ቆሟል። ፊቱ ግድግዳ መስሏል። ሳላስፈቅድ በር በመክፈቴ የተናደደ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። በዚያ ክረምት ኳስ አቆመ። ክለቡ ሊያራዝምለት ጠይቆት እምቢ እንዳለ የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው።

እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። መስታወት ፊት ተለማምጄው ነው መጀመሪያ፤ ኋላ ራሱ መጣ። ትዳር ይዤ በነበርኩበት ዘመን ባለቤቴ «ጥርስሽ ያምራል፤ ለምን ትደብቂዋለሽ?» ይለኝ ነበር። «የእናቴ ነው» እለው ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ፣ ብቻዬን ቤት ስሆን ደግሞ መስኮት ጋ ቆሜ ለመንገደኛ ስም አወጣለሁ።

ባለፈው ዓመት የምሠራበት ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ አንድ አዛውንት ለደም ምርመራ ገቡ። በበሩ ሲገቡ ጎንበስ አሉ። እጅጌያቸውን ሰብስቤ ክንዳቸውን ሳስር ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እርስዎ… ኳስ ይጫወቱ አልነበረም?»

«ቀጭኔው» አሉ እየሳቁ። «አንቺ ለዚያ አትደርሺም እኮ።»

የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። እኔ ግን አላስተዋልኩም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ላመሰግናቸው ስጠብቅ ነበርና ሁሉንም በአንዴ ዘረገፍኩት። አፌን ስለ መሸፈኔ፣ ስለ መስኮቱ። እሳቸው መርፌው የወጋቸውን ቦታ በጥጥ ተጫኑ።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «አባትሽ ስለ እናትሽ አንድ ቃል አልነገረኝም።»

«ታዲያ ምን አለዎት?»

«ተይው።»

«ይንገሩኝ።»

«‹እናትህ ስትጠራህ የት ነበርክ?› ነው ያለኝ። ቃል በቃል ይሄንኑ። ሁለቴ።» ጥጡን አንሥተው አዩት። «ያን ቀን ልደበድበው ነበር የመጣሁት። በሩን የከፈትሽው አንቺ ሆንሽ።»

«የነገሩኝስ? አፏን ትሸፍን ነበር ያሉኝ?»

«እሷ የእኔ እናት ናት። ሌላ እናት ከየት ላምጣልሽ?»

ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ኳስ ያሳያል፤ አባቴ አያየውም። ካፖርቴን ሳላወልቅ ከፊቱ ቆምኩ።

«ቀጭኔውን አገኘሁት» አልኩ።

የወንበሩን ክንድ ያዘ። «ነገረሽ?»

«ነገረኝ።»

ሕጉ አይከለክልም ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መልሱንም መንገድ ላይ አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። እሱ ግን «ዳኛው አጠገባችን ነበር» አለኝ። «ሰምቶኛል። ለእሱ ቀይ አወጣ፤ ወደ እኔ ዞረና ‹ደህና ነህ?› ብሎ ጠየቀኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ደህና ነህ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ።»

«እንዲህ ያለ ቃል ከየት አመጣኸው?»

«አላመጣሁትም። እኔው ጋ ነበር።»

ለመንገር ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ድምፁ ላልለመደው ሥራ እንደተጠራ ሰው ነበር። እናቴ በሞተችበት ሳምንት እሱ ከቡድኑ ጋር ሌላ ከተማ ነበር። ሕመሟ መጥናቱን ስልክ ደውለው ነግረውታል። ጨዋታው ይለቅና እመጣለሁ ብሎ ቀረ። ሲደርስ ተቀብራለች። አክስቴ በር ላይ እኔን እንደታቀፈች «ስትጠራህ የት ነበርክ?» አለችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው፤ ዳግመኛ አላነሣችበትም።

«ልጁ ሲያልፈኝ ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም» አለ። «ሰው የሚሰበርበትን ቦታ አውቀዋለሁ። በእኔ ላይ አይቼዋለሁ።»

ካፖርቴን አወለቅሁና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት፤ የዕድሜ ልክ ጥያቄዬን።

«እሺ እንግዲህ፣ አሁን ንገረኝ። እንዴት ያለች ነበረች? ስትስቅ፣ ስትናደድ፣ ምን ትወድ ነበር? ምንም ይሁን።»

አባቴ አሰበ። እውነቱን ነው፣ በጣም አሰበ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ልጅ ሆኜ ስለ እሷ ሙሉ ሣጥን የቆለፈብኝ ይመስለኝ ነበር።

«ምን ልንገርሽ?» አለ። «ቤት አልነበርኩም።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ተቃቅፈው ይዘላሉ፤ ማን እንዳገባ አላየንም። አባቴ መቆጣጠሪያውን ፈልጎ አጠፋው። ልነሣ ስል እጄን ያዘኝ።

«አንቺ ሆስፒታል ነው አይደል የምትሠሪው?»

«አዎ።»

«ነርስ ነሽ?»

እዚያ ሥራ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ፀጉሬ መሸበት ጀምሯል። «ላብራቶሪ ነኝ፣ አባዬ። ደም እመረምራለሁ።»

«ደም» አለ። «እንዴት ነው የሚመረመረው?»

የምር መጠየቁን ያላመንኩት መስሎት ወንበሩን በታመመ ጉልበቱ እየገፋ ወደ እኔ አዞረው፤ እኔም ጠዋት በር ከፍቼ ስገባ ከማደርገው ጀምሬ ነገርኩት።